ዝምታውን አናውርሳቸው

በየካ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤቶች ስታስተምሩ ጸጉራችሁ የሸበተ እኩዮቼ፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ለእናንተ ነው። ወጣቶቹ መምህራን ከእኛ የሚማሩት የክፍል አያያዝ ብቻ አይደለም። ሕመምን ደብቆ መቆምንም ከእኛ እየተማሩ ነው፤ ይህ ትምህርት ደግሞ ሰው እየጨረሰ ነው።

ሰሞኑን ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚሄድ ታክሲ አንዲት ወጣት መምህርት አጠገቤ ተቀመጠች። ጉልበቷ ላይ ደብተር ከምራ ታክሲው ሲቆም ታርማለች፤ ሲንቀሳቀስ ቀዩን እስክሪብቶ በጣቶቿ መሃል ይዛ ትጠብቃለች። ድምጿ ሰልሎ ነበርና ምን እንደነካት ጠየቅኋት። «ምንም አይደል ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ነው። ከመስከረም ጀምሮ እንዲሁ ነው» አለችኝ። መውረጃዋ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብትል ረዳቱ አልሰማትም፤ እኔ ጮህኩላት። ይህችን ልጅ «ምንም አይደል» ማለትን ያስተማራት ማን ነው?

ሁለት ሦስት ሳምንት ያለፈው የድምፅ መሰለል በዝንጅብልና በማር የሚታለፍ አይደለም። ከአንገት በላይ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። የድምፅ አውታር በጩኸት ብዛት ያብጣል፣ እባጭም ያወጣል፤ በጊዜ ከተደረሰበት በእረፍትና በድምፅ ልምምድ ይመለሳል፣ ከቆየ ግን ቀዶ ሕክምና ሊጠይቅ ይችላል። በሹክሹክታ ማስተማርም አውታሩን ያደክመዋል እንጂ አያሳርፈውም። በየፔሬዱ ውኃ መጎንጨት፣ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ ማጥፋት፣ በጫጫታ ላይ ከመጮህ ተማሪዎቹ ጸጥ እስኪሉ መጠበቅ፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር እንኳ ማን ነገራቸው?

በየጡረታ ሽኝቱ «መምህር እንደ ሻማ ነው፤ ለሌላው እያበራ ራሱ ይቀልጣል» ይባላል፣ እኛም እናጨበጭባለን። ያ ጭብጨባ ያስፈራኛል። «አንድ ቀን እንኳ ቀርቶ አያውቅም» ተብሎ ሽማግሌው ሲመሰገን፣ እዚያው የተቀመጠችው ነፍሰ ጡር መምህርትና ስኳሩን ደብቆ የሚያስተምረው ጎልማሳ የሚሰሙት «አትታመሙ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሕጉ እንዲህ አይልም። በግል ትምህርት ቤት የምታስተምሩ፣ የሙከራ ጊዜያችሁን ከጨረሳችሁ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አላችሁ። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። የሐኪም ማስረጃ ይዞ ፈቃድ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ጫናው ከውጭም ይመጣል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ውጤት ሲነገር ጣት የተቀሰረው በመምህሩ ላይ ነው። ያው መምህር የወር ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ስለማይበቃው ማታ ማታ ቤት ለቤት ያስጠናል፤ እንቅልፉን ይሸጣል ማለት ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ስለ ኑሯቸው መናገርን ነውር አላደረጉትም። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ ያቆሙት ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ በመቃወም ብቻ አልነበረም፤ የደመወዝ ጥያቄም ነበራቸው። የመምህራን ማኅበሩም ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ታዲያ እኛ በስብሰባ ላይ አንገታችንን የምንደፋው ስለ ምን ነው?

ስለ አእምሮ ሕመምማ ጭራሽ አንናገርም። እንቅልፍ ያጣ፣ ይወደው የነበረውን ክፍል የሚፈራ፣ በትንሽ ነገር ተማሪ ላይ የሚደነፋ ባልደረባ ስናይ «ጠባዩ ተበላሸ» ብለን እንሸሸዋለን። ታሞ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው በ2012 የኮቪድ ማዕከልነቱን ብቻ የሚያስታውሰው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል፤ ያለውም እዚሁ ኮተቤ ነው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥቶ የሚጠመቅ አለ፣ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አይተው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ተናግረዋል። ለኤች አይ ቪ የተፈቀደው ለጭንቀትና ለድብርት መድኃኒት እንዴት ይከለከላል?

አደራዬ ይህ ነው። ሰኞ ጠዋት ስታፍ ሩም ስትገቡ የታመመውን ባልደረባ ፔሬዱን ሸፍኑለትና ሐኪም ቤት ላኩት። ርዕሰ መምህሩ ፊቱን ቢያጠቁር በሽበታችሁ ቁሙለት። እናንተም ጡረታችሁ ሳይደርስ ግፊታችሁን ተለኩ፤ ተለክታችሁም ምን እንደተባላችሁ ለወጣቶቹ ሳትደብቁ ንገሯቸው።