ከጫጫ ደብረ ብርሃን፦ ቀናቸው ሳይደርስ ስለሚወለዱ ልጆች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ዞን ጤና መምሪያ
ደብረ ብርሃን

የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፦

እዚህ ጫጫ ላይ አንዲት ሴት ቀኗ ሳይደርስ ስትወልድ ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይተርፋል ወይ?» ብሎ ነው። ባለሙያው ዝም ካለ ጎረቤት ይመልሳል፦ የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም። ይህ ወሬ ስንቱን ልጅ ነፍሱ ሳትወጣ አስቀብሮት ይሆን? እውነቱ ተቃራኒው ነው፤ በማኅፀን የቆየባት እያንዳንዷ ሳምንት ሳንባውን ታጠነክራለች፣ ዕድሉንም ታሰፋለች።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ22 እና በ25 ሳምንት መካከል ለሚወለዱ ሕፃናት መገመቻ ስሌት አወጡ። ሳምንቱን፣ ክብደቱን፣ ጾታውን፣ መንታ መሆን አለመሆኑን፣ እናቲቱ ከመውለዷ በፊት የፅንሱን ሳንባ የሚያጠነክረውን መርፌ ማግኘት አለማግኘቷን ያያል። የተቀመረው ግን በእነሱ ሆስፒታሎች ነው፤ ለእኛ ልጆች አይሠራም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ28 ሳምንት በፊት ከተወለዱት፣ በድሃ አገር ከመቶው ከ90 የሚበልጡት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ፤ በሀብታም አገር ግን የሚሞቱት ከመቶው 10 አይሞሉም። ልጁ ያው ልጅ ነው።

የራሳችን ቁጥርም አለ። ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ባሉ አምስት ሆስፒታሎች በተካሄደ ጥናት፣ የጨቅላ ሕፃናት ማከሚያ ክፍል ከገቡት 3,852 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት 1,109ኙ 28 ቀን ሳይሞላቸው ሞተዋል። የመተንፈስ ችግርና ኢንፌክሽን ዋነኞቹ ገዳዮች ነበሩ። ሞትን ከሚያባብሱት መካከል ደግሞ ግንባር ቀደሙ ብርድ ነበር።

ብርድን ለጫጫ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። የጨቅላው ብርድ ግን ከእኛ ይለያል። ቆዳው ስስ ነው፣ ስቡ ጥቂት ነው፣ በቂ ሙቀት ማመንጨት አይችልም፤ ስለዚህ በጋቢና በብርድ ልብስ ቢጠቀለልም ውስጥ ውስጡን ይቀዘቅዛል። ሪፈር ሲጻፍለት እናቲቱ ገና አልጋ ላይ ስለሆነች፣ አያት ወይም አባት ታቅፈውት አምቡላንስ ውስጥ ይገባሉ። መንገዱ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በውርጭ ሌሊት ግን ይረዝማል። ብብቱ ስር ሲለካ ከ36.5 በታች ከወረደ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው ተጨማሪ በሽታ ይዞ ነው።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ልጁን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ አድርጎ ደረት ላይ ማስተኛት፣ ከላይ ጋቢውን መደረብ። የአባትም ደረት ይሆናል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው ይህንኑ ሞክረው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ቶሎ ገላ ለገላ የታቀፉት ሕፃናት የተለመደውን እንክብካቤ ካገኙት ይበልጥ በሕይወት ተርፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደተወለዱ እንዲጀመር ይመክራል። ወንዶቻችን «አባት ልጅ በደረቱ ያዝላል እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም፤ እነሱን ለማሳመን የባለሙያ ቃል ይበቃል።

የምንጠይቃችሁ እንግዲህ ይህ ነው። በዞኑ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ሪፈር የሚባል ያልደረሰ ጨቅላ ሁሉ በሰው ደረት ላይ ሆኖ ይሂድ። ሲነሣና ሲደርስ የተለካው ሙቀት፣ የእርግዝናው ሳምንትና ክብደቱ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ተርፎ ሲወጣም ነገሩ አያልቅም፤ በኦክስጅን የቆየ ልጅ ዓይኑ መታየት አለበት፣ እድገቱም ክትትል ይሻል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ድረስ ሄዳ የሆነውን ትመዝግብ። እነዚህ መዝገቦች ሲጠራቀሙ ነው «ይተርፋል ወይ?» ለሚል አባት ከሰሜን ሸዋ በተገኘ ቁጥር መልስ የሚሰጠው።

ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ቀን ኅዳር 8 ይከበራል፣ ውርጩ ሲጀምር። ይህን የሚያዝ መመሪያ ከዚያ በፊት ለጤና ጣቢያዎች እንዲደርስ አደራ እንላለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጫጫ ነዋሪ