የገበሬው መሪና የጥምር መንግሥት

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ሆኖም ማን ከማን ጋር፣ ለምን ዓላማ እንደሚያብር አስቀድሞ መለየት አለበት። ለዚህም የፖላንዱ የገበሬዎች ፓርቲ መሪ የቪንሰንቲ ቪቶስ ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው።

በ1874 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከድሃ ገበሬ ቤተሰብ የተወለዱት ቪቶስ የትውልድ መንደራቸው ሹም ነበሩ። በ1920 የሶቪየት ጦር ወደ ዋርሶ ሲገሰግስ የጥምር መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ዓላማው አገርን መከላከል ስለ ነበር ቀኙም ግራውም ተባበረ። ከጥቂት ቀናት በፊት የመሬት ማሻሻያ ሕግ ጸድቆ ነበርና ገበሬውም የሚከላከልለት ነገር ነበረው።

በ1923 ግን ለባለርስቶች ከሚያደሉ የቀኝ ፓርቲዎች ጋር ተጣመሩ። በመሬቱ ጉዳይ ከገዛ ፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላት ከፊሎቹ ጥለዋቸው ወጡ፤ መንግሥቱም ሰባት ወር ሳይሞላው ወደቀ። በ1926 ያቋቋሙትን ሦስተኛ መንግሥት ደግሞ የፒውሱድስኪ ጦር በቀናት ውስጥ ገለበጠው።

ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። መጣመር ራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን የገበሬ ማኅበር መሪ ከማንም ጋር ከመፈራረሙ በፊት ውሉን ለአባላቱ ጉባኤ ማቅረብ፣ የማይነካውንም ጥያቄ ለይቶ ማስጻፍ ይገባዋል። አባላቱ የተለዩት መሪ ወንበሩ አይጸናለትም።