ስለ ቤት እንጨት መበስበስና ስለ ደን መመናመን

የተከበራችሁ የዞንና የወረዳ የእርሻ ሹማምንት፤ ክረምቱ ባለቀ ቍጥር ከደቡብ ጎንደር ወረዳዎች የሚመጣውን የችግኝ ወረቀት ከሚመዘግቡት ጸሐፊዎች አንዱ እኔ ነኝ። ወረቀቱ ስንት ችግኝ እንደ ተተከለና ስንቱ እንደ ጸደቀ ይናገራል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ተቈርጦ ቤትና አጥር የሆነው እንጨት ስንት ዓመት እንደ ቆመ የሚናገር አንድ መስመር እንኳ አግኝቼበት አላውቅም። በበኩሌ የደብረ ታቦር ደጋ ዛፍ የሚያልቀው ተካይ በማጣት ብቻ ሳይሆን፤ የቈረጥነውን እንጨት ለውሃና ለምስጥ አሳልፈን በመስጠታችን ጭምር ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ የሂሳብ ነገር ነው። በፋርጣ አንድ ገበሬ ቤት ሲሠራ ምሰሶ፤ ቋሚ፤ ማገርና ወራጅ ያስፈልገዋል። ቋሚው እግሩ በስብሶ በ4 ዓመት ቢወድቅ፤ በጥንቃቄ ቢተከል ግን 12 ዓመት የሚቆም ቢሆን፤ ያ ገበሬ አንድ ዛፍ በሚበቃው ዘመን ሦስት ቈረጠ ማለት ነው። ሁለቱን ዛፍ ያጠፋው መጥረቢያው አይደለም፤ ብስባሹ ነው። ሁለት ችግኝ ተክሎ ለቋሚ እስኪደርስ ማሳደግ ስንት ድካም እንዳለበት ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጉና ተራራ ለሚመለከት ሰው፤ ከባሕር ዛፉ በቀር ጥቅጥቅ ብሎ የሚታየው ዛፍ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ያለው ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፍ፤ ቍጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ጽዱና ወይራው፤ ዝግባውና ኮሶው የተረፈው በዚያ ነው። ከተማይቱ የየጁው ራስ ጉግሣ፤ ኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ያ ሁሉ ሠራዊት እሳት ሳያነድ አላደረም፤ ስለዚህ የቀድሞዎቹን መውቀስ ይቀለናል። ዛሬ ግን የቤቱ ቋሚ የበሰበሰበት ሰው ዓይኑን የሚጥለው በዚያው ቅጥር ላይ ነው። በአንዳንዱ ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተክቧል፤ እጅግም መልካም ሥራ ነው። ካቡ ከብቱን ይከለክላል፤ ቤቱ የዘመመበትን ጐረቤት ግን አይከለክልም።

በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን የምናድርበት ጎጆ በነሐሴ ሌሊት በላያችን ዘመመ። ማንም አልሞተም፤ ነገር ግን የአንዱ ባልንጀራዬ ክንድ ተሰበረ። በማለዳ ቋሚውን ነቅለን ብናየው፤ ላዩ ደኅና ነበር፤ ከመሬት በታች አንድ ክንድ ጠልቆ የነበረውም ጫፉ ደኅና ነበር፤ መሬቱን በሚነካበት ስፍራ ግን እንደ ቂጣ ይቈረስ ነበር። መምህራችን «እንጨቱ አርጅቶ ነው» አሉን። ኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከእንዲያ ያለ ብስባሽ ጥቂቱን በአጉሊ መነጽር ባሳዩን ጊዜ፤ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ክር በእንጨቱ ሥር ሁሉ ሲመላለስ አየሁ። እንጨት በእርጅና አይሞትም፤ የሚበላው አለ። የሚበላውም ከእንጉዳይ ወገን የሆነ ሻጋታ ነው፤ ለመኖርም እርጥበትና አየር ሁለቱን ባንድነት ይሻል። ከጥልቁ አየር ያንሰዋል፤ ከላይ ውሃ ያንሰዋል፤ በመሬቱ ወለል ግን ሁለቱንም ያገኛል። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ ክብደት ከመቶ 20 እጅ በታች ከሆነ ይህ ሻጋታ ሊሠራ አይችልም። እንግዲህ መድኃኒቱ ሁሉ ከዚህ ቍጥር ይወጣል፤ እንጨቱን አድርቅ፤ ደርቆም እንዲኖር አድርግ።

ይህን የቀድሞ አናጢዎች ቍጥሩን ሳያውቁ ያውቁት ነበር። ምሰሶውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያቆሙታል እንጂ በአፈር አይቀብሩትም። የሣር ክዳኑ ጠርዝ ከግድግዳው ብዙ ወጥቶ ዝናሙን ያርቃል። የምድጃው ጢስም ወራጁን በጥላሸት እያጠቈረ ያደርቀዋል፤ ነቀዙም ይሸሸዋል። አሁን ቤቱ ቆርቆሮ ሆነ፤ ማድ ቤቱም ለብቻው ተሠራ፤ ለእናቶች ዓይንና ሳንባ ትልቅ ዕረፍት ነውና እሰየው። ነገር ግን ቆርቆሮ ውድ ስለ ሆነ ጠርዙን አሳጠርነው፤ ፍሳሹም በቋሚው እግር ላይ ይወርዳል፤ ጢሱም የለም። አሮጌውን ጠባቂ አሰናብተን አዲስ አልቀጠርንም።

ስለ ባሕር ዛፍ ጥቂት ልናገር። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፤ በ1887 ዓ.ም. ገደማ፤ ወደ አገራችን ገብቶ ዛሬ የደጋው ሰው ቤት የሚቆመው በእርሱ ነው። ሆኖም ልጅ ሳለ የተቈረጠ ባሕር ዛፍ ከጽድ ወይም ከወይራ ጋር ሊተካከል አይችልም። የጽድና የወይራ ልብ ተባይን የሚቃወም ቅባትና ጭማቂ አለው፤ የለጋ ባሕር ዛፍ አጣና ግን አብዛኛው ውጭኛው ነጭ ሥጋ ነው፤ በውስጡም ነቀዝ የሚወደው ምግብ አለ። ገበሬው ዛሬ ቈርጦ ነገ ከነልጡ ይተክለዋል፤ በልጡና በእንጨቱ መካከልም ውሃው ታቍሮ ይቀራል። ከኅዳር ወር ጀምሮ ቢቈርጠው፤ ልጡን ወዲያው ቢልጠው፤ ከመሬት ከፍ አድርጎ በጥላ ስር በድንጋይ ላይ ቢደረድረውና እስከ መጋቢት ቢያቆየው ግን፤ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ የእንጨቱን ዕድሜ ባራዘመ ነበር። ሲተክለውም ጉድጓዱን በጭቃ ፈንታ በጠጠር ይሙላው፤ ዙሪያውንም ውሃ እንዲሸሽ ከፍ አድርጎ ይደልድለው። ጫፉን በእሳት የሚለበልቡ አሉ፤ ጥቂት ይረዳ ይሆናል፤ ነገር ግን ከሰሉ ሲሰነጠቅ ውሃው በስንጥቁ ስለሚገባ ብቻውን አይበቃም። እግሩን በላስቲክ መጠቅለል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ውሃውን አስሮ ያስቀምጠዋልና።

እስከዚህ የተናገርሁት ስለ ደጋው ነው። ወደ ፎገራ ሜዳ፤ ወይም ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ቈላ ሲወረድ ጠላቱ ምስጥ ይሆናል። ለደጋና ለቈላ አንድ ዓይነት ደብዳቤ መጻፍ የእኛ የጸሐፊዎች ጥፋት ነው፤ እናንተ ግን አገራችሁን ስለምታውቁ ለዩት። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለሚገድለው ከጐሬው እስከ እንጨቱ ድረስ የጭቃ መሸፈኛ ሠርቶ በውስጡ ይሄዳል። ስለዚህ እንጨት ከግድግዳና ከወለል ተለይቶ በድንጋይ ላይ ከተቀመጠ መንገዱ ይገለጣል፤ ባለቤቱም በየሳምንቱ እየዞረ ሊያፈርሰው ይችላል።

አንድ መሥሪያ ቤት አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም፤ የመሬት መዝገቡን በእንጨት መደርደሪያ አድርጎ ከጭቃ ግድግዳ ጋር አስጠግቶት ነበር። አንዲት አሮጊት እናት በድንበር ተከሰው መዝገቡ ይታይልኝ ብለው መጡ። መዝገቡ በተከፈተ ጊዜ ሽፋኑ ብቻ ቀርቶ ውስጡ አፈር ሆኗል። እኒያ እናት የአባታቸውን መሬት በምስክር እስኪያጸኑ 2 ዓመት ተመላለሱ። መደርደሪያው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ቢርቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር። እስቲ በየቢሮአችሁ ገብታችሁ የመደርደሪያችሁን ጀርባ ተመልከቱ።

ብዙ ሰው «መድኃኒት ስጡን» ይላል። እንጨትን መቀባት ጥንታዊ ነገር ነው፤ ኖኅም መርከቡን በቅጥራን እንደ ለቀለቀ ተጽፏል። በ1838 እ.ኤ.አ. ጆን ቤትል የተባለ እንግሊዛዊ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣውን ክሬዎሶት በኀይል ወደ እንጨት የማስገባት ጥበብ አስመዘገበ፤ በ1933 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሶንቲ ካመሳን የተባለ ህንዳዊ የመዳብ፤ የክሮምና የአርሴኒክ ቅልቅል አወጣ። እነዚህ ለኤሌክትሪክና ለስልክ ምሰሶ የሚሆኑ ናቸው፤ በፋብሪካ እንጂ በደጅ አይሠሩም። አርሴኒክ መርዝ ስለ ሆነ፤ የወደቀ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ፈልጦ እንጀራ የሚጋግርበትን ሰው ከልክሉ፤ ጢሱም አመዱም ይጐዳል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትም በየከተማው ተለምዷል፤ ዘይቱ ላዩን ብቻ ይይዛል፤ ዝናም ሲያጥበውም ወደ ጓሮና ወደ ጕድጓድ ውሃ ይወርዳል። አልድሪን፤ ዲልድሪንና ክሎርዴን የተባሉት የምስጥ መርዞች በ1993 ዓ.ም. በስቶክሆልም በተፈረመው ውል እንዲወገዱ ተወስኖባቸዋል፤ ከአሮጌ መጋዘን ቢገኙ ለማንም አይታደሉ። በቤት ውስጥ ለሚሆን ወራጅና ሣጥን ቦራክስ ይሻላል፤ ነገር ግን ውሃ ስለሚያጥበው ለውጭ ቋሚ አይጠቅምም።

«ዛፍ ቢያልቅ ቶሎ የሚያድግ እንተክላለን» ለሚሉ መልስ አለኝ። በጎረቤታችን በአዊ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር እየተከለ ከሰል በመሸጥ ኑሮውን አቅንቶ ነበር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ግን የስንዴን ዋግ የሚመስል በሽታ ገብቶ ያንን ደን አደረቀው፤ አገሩ ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ተሸፍኖ ነበርና የሚያቆመው አልተገኘም። የፈረንጅ ጽድን የሚያደርቀው ክሽክሽም በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ ታይቶ፤ ኋላ በኬንያ አልፎ ወደ እኛ ደርሷል። ነገ የምንቈርጠውን ዛፍ ማን እንደሚበላው ስለማይታወቅ፤ ትናንት የቈረጥነውን መጠበቅ የበለጠ የታመነ ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱብኝ። በአብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ የወደቀ ግንድ ሲበሰብስ ብታዩ አታንሡት። እዚያ ምስጡም እንጉዳዩም ሥራቸውን ይሠራሉ፤ ግንዱን ወደ አፈር ይመልሳሉ፤ ወፉም ትሉን ይለቅማል። ብስባሽ በደን ውስጥ ሥራው ነው፤ በቤታችን ቋሚ ላይ ግን ሌባ ነው።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት የምለምነው ጥቂት ነው። በየቀበሌው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፤ ልጡ የተላጠና በድንጋይ ላይ የተደረደረ የቤት እንጨት ያላቸውን ገበሬዎች ቍጥር ከችግኙ ወረቀት ግርጌ ጻፉልኝ። የተዘጋጀ መስመር የለም፤ በኅዳጉ ላይ በእጅ ጻፉት፤ እኔ እመዘግበዋለሁ።