መርዶ የማይደርስበት ሥራ

ሰሞኑን ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ የሚነሣ ወሬ አለ። «የእገሌ ልጅ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ገባ» ይባላል። ወዲያው «መኮንን ሆኖ ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። «የለም፤ ቴክኒሽያን ነው» ሲባል ቤቱ ጸጥ ይላል። ልጅ ዶክተር ወይም ኢንጂነር ካልሆነ ተምሯል የማንል ሰዎች መሆናችንን መቼም አንካካድም። የተመደበው በሰርጓጅ መርከብ ላይ መሆኑ ሲሰማማ እናት ከአሁኑ ነጠላዋን ታዘቀዝቃለች።

እንግዲህ ከማልቀሳችንም ከመፎከራችንም በፊት ሥራውን እንወቀው።

የሚሳይል ቴክኒሽያን የሚባሉት ባለሌላ ማዕረግ ባሕረኞች ናቸው። የሚሠሩባቸው ኦሃዮ የተባሉት ሰርጓጅ መርከቦች ርዝመታቸው 170 ሜትር ያህል ሲሆን እያንዳንዳቸው ከ150 በላይ ሰው ይይዛሉ። ሲሠሩ 24 የሚሳይል ቱቦ ነበራቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ከሩሲያ ጋር በተፈረመው ውል ምክንያት፣ የኑክሊየር ሚሳይል በሚሸከሙት ላይ 4ቱ ከአገልግሎት ውጭ ተደርገዋል። በቱቦው ውስጥ የሚቆመው ትራይደንት የተባለው ሚሳይል ከ13 ሜትር በላይ ቁመትና 59 ቶን ገደማ ክብደት አለው።

ታዲያ ልጁ ቁልፍ ተጭኖ የሚተኩስ እንዳይመስላችሁ። ውሎውም አዳሩም ጥገና ነው። የቱቦውን ሙቀት፣ እርጥበትና ግፊት ይጠብቃል፤ መመሪያውን ገልጦ በተጻፈው ቅደም ተከተል ይፈትሻል፤ የፈተሸውን ይመዘግባል። ወደ መሣሪያው ብቻውን የሚጠጋ ሰው የለም፤ ሁለት ሆነው፣ አንዱ ሌላውን እያየ ነው የሚሠሩት። ሥራው ሠመረ የሚባለው ደግሞ ሚሳይሉ ሳይተኮስ ሲቀር ነው። ቢተኮስ ግን ከተማ ያጠፋል። ይህን ልጁ በሕሊናው ሚዛን ሳይመዝን መፈረም የለበትም፤ እኛም ስለ ደመወዙ ብቻ ልንጠይቀው አይገባም።

አደጋውም ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ትሬሸር የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ 129 ሰው ይዛ ሰጠመች። ከዚያ በኋላ የወጣው የደኅንነት ቁጥጥር እጅግ ጥብቅ ስለሆነ፣ በእርሱ ተመርምሮ ማረጋገጫ ያገኘ አንድም መርከብ እስከ ዛሬ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ የሩሲያዋ ኩርስክ በገዛ ቶርፔዶዋ ፍንዳታ 118 ሰው ይዛ ቀረች። የመሣሪያ ቴክኒሽያን ጥንቃቄ ምን ያህል ነፍስ እንደሚያድን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ለእኛ ለወላጆች ከሁሉ የሚከብደው ግን ዝምታው ነው። መርከቢቱ ሰማያዊና ወርቃማ በሚባሉ ሁለት ቡድኖች ተራ በተራ ትነዳለች፤ አንድ ጉዞ በአማካይ 77 ቀን ይፈጃል። ጥበቃዋ መደበቅ ስለሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ወሬ አይላክም። ከቤት የሚጻፈው መልእክት ሊደርስ ይችላል፤ መልሱ ግን መርከቢቱ እስክትመለስ ይጠበቃል። በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ባሕረኛው ከመሄዱ በፊት፣ ከቤት የሞት ወሬ ቢመጣ እዚያው እንዲነገረው ወይም እስኪመለስ እንዲቆይለት አስቀድሞ ይመርጣል።

ፈረንጅም የመርዶ ሥርዓት አለው ለካ! እኛ ሽማግሌ ሰብስበን፣ ንጋት ጠብቀን የምናረዳውን እነርሱ በቅጽ ያስሞላሉ። ልዩነቱ፣ የእኛ ሰው ሲረዳ የሚደግፈው ዘመድ በዙሪያው አለ፤ ያኛው ግን ውቅያኖስ ሥር ነው። አገር ቤት ያሉት አያቱ ቢያርፉ፣ ልጃችን ሳያውቅ አርባቸው ወጥቶ ሊጠብቀው ይችላል።

ስለዚህ ልጁ ከመፈረሙ በፊት ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ለዚህ ሥራ ዜግነት ያስፈልጋል፤ የምስጢር ፈቃድም ይጠየቃል። በቅጹ ላይ የውጭ ዜጋ የሆኑ የቅርብ ዘመዶች ይጻፋሉና፣ እዚህ ስንመጣ በየወረቀቱ ያስቀየርነው ስምና የልደት ቀን ካለ እውነቱን ከእኛ ይስማ፤ መርማሪ ፊት ተቀምጦ አይደናገር። መልማዩ በአፉ የሚሰጠው ተስፋ ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ የሥራ ዘርፉም ጭምር። በሰርጓጅ መርከብ ማገልገል በፈቃደኝነት እንጂ በግዳጅ እንዳልሆነም ይወቅ። ለ36 ወራት ሙሉ አገልግሎት የሰጠ ሰው የትምህርት ድጋፉን ሙሉ በሙሉ ያገኛል፤ «ኮሌጅ ቀረበት» ብሎ የሚያለቅስ ይህን ይያዝ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ክፉ ነገር ቢገጥመን መቼ እንዲነገርህ ትፈልጋለህ?» ጥያቄው ይመራል። ግን በ77ቱ ቀናት መካከል የሚጠየቅ አይደለም። መልሱን ስሙ፤ ከዚያ መርቃችሁ ሸኙት።