ጎማው በአንድ ጎኑ ሲበላ



የዛሬው ጽሑፋችን ስለ መኪና ጎማ ነው። «የቤተሰብ መጽሔት ስለ ጎማ ምን አገባው?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ እኛ በምንኖርበት በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ በመኪና ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሰሊጡ፣ ጥጡና ማሽላው ከእርሻ የሚወጣው በመኪና ነው። በሽተኛችንም ጎንደር የሚደርሰው በመኪና ነው። መኪናው ደግሞ ያን ሁሉ ነፍስ ይዞ መሬት የሚነካው መዳፍ በሚያህሉ አራት የጎማ ክፍሎች ብቻ ነው።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ጥል ነው። የሠፈራችን ልጅ የሆነ ወጣት፣ እናቱ ከሰሊጥ ሽያጭ ባጠራቀሙት ገንዘብ ያገለገለ ሚኒባስ ገዝቶ ከገንዳ ውሃ መተማ ዮሐንስ ሰው ማመላለስ ጀመረ። የፊት ሁለቱን ጎማዎች በአዲስ ለወጠ። ሦስት ወር ሳይሞላ የሁለቱም የውስጥ ጠርዝ ሽቦው እስኪታይ ተበላ፤ የውጭ ጠርዛቸው ግን ጥርሱ እንዳለ ነበር። ልጁ በንዴት ወደ ሻጩ ሄደና በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንተ» እያለ፣ «አሮጌውን አዲስ ነው ብለህ ሸጥህልኝ፤ ሐቄን በላህ!» ሲል በገበያ መካከል አዋረዳቸው። ሰውየውም «ልጄ፣ ጎማው ደኅና ነው፤ መኪናህን አስመርምር» ቢሉ የሰማቸው አልነበረም። እኛም በቦታው ነበርን። ጎማውን አገላብጠን አየንና «እውነትም የማይረባ ዕቃ ነው» ስንል ፈረድን። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ከእኒያ ነጋዴ መግዛት ተወ።

ወጣቱ ከሌላ ሱቅ ሌላ ጥንድ ገዛ። እርሱም እንደ ፊተኛው ተበላ። አንድ ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪ ሞልቶ ሲመለስ የቀኙ ጎማ ፈነዳና ሚኒባሱ ከመንገድ ወጥቶ ማሽላ ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆመ። አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ ሰው የለም። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ግን የገዛ እናቱ ነበሩ።

ጎማውን ለመቀየር የመጡት አዛውንት ጎሚስታ የተበላውን ጎማ በመዳፋቸው ዳሰሱት። በአንድ አቅጣጫ ሲሄዱበት ለስላሳ፣ በመልሱ ሲመጡበት እንደ መጋዝ ጥርስ ሻካራ ሆነባቸው። «ልጄ፣ ጎማው አልበደለህም፤ ጎማዎቹ ፊታቸውን አዙረው ነው የሚሄዱት» አሉት። ከዚያም ከእኛ ጠመኔ ተቀብለው መሪውን ቀጥ አስደረጉና በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ላይ ምልክት አደረጉ። በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ከፊት በኩል በሜትር ለኩ። መኪናውን ግማሽ ዙር ወደ ፊት አስገፍተው ያንኑ ምልክት ከኋላ በኩል ለኩ። የፊቱ ከኋላው በ12 ሚሊ ሜትር ሰፋ። የመሪው ዘንግ መገጣጠሚያም ተበልቶ ይወላወል ነበር።

12 ሚሊ ሜትር ጥቂት ይመስላል። እስቲ እንደ አስተማሪ እናስላው። ለእያንዳንዱ ጎማ 6 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። የጎማው ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥመቱ ከመቶ አንድ እጅ ነው። ስለዚህ ጎማው በሄደ በ1 ኪሎ ሜትር 10 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፈገፈጋል። ከጎንደር መተማ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ በአንድ ጉዞ 1,800 ሜትር በጎኑ እየተጎተተ መጣ ማለት ነው። ይህን የሚችል ጎማ የት ይገኛል? አያቶቻችን ነጋዴዎች ወደ መተማ ገበያ ሲወርዱ ጭነቱ ያጋደለበት አህያ ጀርባው እንደሚገጠብ ያውቁ ነበር። የሚያስተካክሉትም ጭነቱን እንጂ አህያውን አይለውጡም ነበር።

እንግዲህ ጎማ ምን እንደሚናገር እንወቅ። ሁለቱም ጠርዝ ተበልቶ መካከሉ ከቀረ ነፋሱ ያንሳል ወይም ጭነቱ በዝቷል። መካከሉ ብቻ ከተበላ ነፋሱ በዝቷል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ሲበላ ወይም ሲዳሰስ እንደ መጋዝ ሲሻክር የጎማው አቅጣጫ ተዛብቷልና አላይመንት ያስፈልገዋል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ አሞርዛቶሩ ደክሟል ወይም ጎማው ባላንስ አልተደረገም። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መኪናው ወደ አንድ ወገን ከሳበ ወይም መሪው ተጣሞ ካልሆነ ቀጥ ብሎ የማይሄድ ከሆነ፣ ይህም የጥመት ምልክት ነው።

ቅደም ተከተሉም አይዘንጋ። በመጀመሪያ የተበላው መገጣጠሚያና ኩሽኔታ ይለወጣል፤ ቀጥሎ አላይመንት ይሠራል። ባላንስ ሌላ ሥራ ነው፤ አላይመንትን አይተካም። የተዛባውን ሳያስተካክሉ አዲስ ጎማ ማሰር ግን ገንዘብን አስፋልት ላይ መበተን ነው። የጠመኔው ልኬት ችግሩን ያሳያል እንጂ የማሽኑን ሥራ አይተካም።

ስለ ነፋሱም የቆላ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖራት መተማ 700 ሜትር ገደማ ናት። ከደጋ ወደ ቆላ ስንወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር በመለኪያው ላይ የጎማው ነፋስ 2 ፒ.ኤስ.አይ ያህል ቀንሶ ይታያል። ሙቀቱ በበኩሉ ለአነስተኛ መኪና በየ10 ዲግሪው ልዩነት ወደ 2 ፒ.ኤስ.አይ የሚጠጋ ይጨምራል። ስለዚህ ጎንደር ላይ የሞላነውን ነፋስ መተማ ባደርን ማግስት፣ ከሱብሒ በኋላ ጎማው ሳይሞቅ እንለካው። ሲሄድ ውሎ የጋለን ጎማ ማስተንፈስ ግን ስሕተት ነው፤ ሲቀዘቅዝ ነፋሱ ያንስበታልና።

ያገለገለ ጎማ የሚገዛም ጎኑ ላይ ያለውን የመጨረሻ አራት አኀዝ ያንብብ። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩት ላይ ፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ኋለኞቹ ዓመቱን ይነግራሉ፤ ለምሳሌ 1419 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የጥርሱ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ደግሞ ዕድሜው አልቋል። በጥርሶቹ መካከል ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር ሲስተካከሉ ምልክቱ እርሱ ነው።

ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን ሁላችንም በመድረሳ ተምረናል። ሾፌርነት የሰው ነፍስ አማና የሚሸከሙበት ሥራ ነውና ጎማን በየማለዳው ማየት ከማሰሩ ይቆጠራል።

ያ ወጣትና እኛ ወደ ጎማ ነጋዴው ሄደን «አባባ፣ በድለንዎታል፤ አፉ ይበሉን» አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እኔስ አፉ ብያለሁ። ግን ስሜን ያነሣችሁት በገበያ መካከል ነው፤ የምትመልሱትም እዚያው ይሁን» አሉን። እውነታቸውን ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን እዚያው ቆመን ተናገርን። ወጣቱ ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የእኛም ከእርሱ አልተሻለም። ሳያውቅ የሚፈርድ አስተማሪ ለተማሪዎቹ ምን ያስተምራቸዋል?