የሱቅና የወፍጮ ቤት በር ተከፍቶ እንዴት ይቆይ?



በዚህ ሳምንት ስለ በር እናነባለን። «በር ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» ትሉ ይሆናል። ዳሩ ግን በርና ነፋስ ሲገናኙ ጣት ይቆረጣል፤ ሸክም የያዘ ሰው ይወድቃል።

የላይ ጋይንቷ ከተማ ስሟ ነፋስ መውጫ ነው። ስሟ ራሱ ይናገራል። ከተማዋ ያለችው 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በምዕራብ በኩል የጉና ተራራ አለ፤ ከፍታው ከ4000 ሜትር ይበልጣል። ደጋ ነውና ነፋሱ ድንገት ይነሣል። በስማዳ ወገዳም ሆነ በእስቴ መካነ ኢየሱስ ነፋስ የማይገፋው በር የለም።

በገበያ ቀን ሱቅ በሩን ይከፍታል። ብርሃን ይገባል፤ ሰውም ይገባል፣ ይወጣል። በወፍጮ ቤት የዱቄቱ ብናኝ መውጫ ይፈልጋል። ኩንታል የተሸከመ ሰው ሁለት እጁ ተይዟል፤ በር መክፈት አይችልም። ስለዚህ በሩ መከፈቱ ጥሩ ነው። ጥፋቱ አያያዙ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ ድንጋይ አንሥተን ከበሩ ሥር ጣል እናደርጋለን። 100 ኪሎ የተሸከመ ሰው ግን እግሩ ሥር ያለውን አያይም። ድንጋዩ ያደናቅፈዋል። ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ድንጋዩን ገፍቶ በሩን ያላትመዋል።

«አያ፣ ይህን ድንጋይ ቢያነሡት ምን አለ? ሰው ሊሰበር ነው» ስትል አንዷ፣ ባለወፍጮው «ተይ እቴ፣ ስንት ዓመት የኖረ ድንጋይ ነው!» ይላል። ስንት ዓመት ቢኖርም ሰው ለመስበር አንድ ቀን ይበቃዋል።

ከዚህ የባሰው በማጠፊያው በኩል ባለው ክፍተት እንጨት መሸጎጥ ነው። ትልቅ ቋጥኝ በረጅም እንጨት ስትፈነቅሉ አስቡ። እጃችሁ በትንሽ ጉልበት ይገፋል፤ ቋጥኙ ግን ይነሣል። በርም እንዲሁ ነው። ነፋስ የበሩን ጫፍ በትንሹ ሲገፋው፣ በማጠፊያው በኩል ጉልበቱ ብዙ እጥፍ ይሆናል። የተሸጎጠው እንጨት ማጠፊያውን ከነምስማሩ ይነቅለዋል። የሕፃን ጣት እዚያ ከገባማ አጥንቱ ይደቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1ኛ. በሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። ግማሽ የተከፈተ በር እንደ ጃንጥላ ነፋስ ይይዛል።

2ኛ. በሩን በመንጠቆና በቀለበት ከግድግዳው ጋር ያዙት። መንጠቆው ከማጠፊያው ርቆ፣ በሳንቃው ጫፍ በኩል፣ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ይመታ። ግድግዳው የጭቃ ከሆነ ቀለበቱ በቋሚው እንጨት ላይ ይመታ፤ ጭቃ ምስማር አይዝም።

3ኛ. ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ሽብልቅ ይበቃል። በሩ በሚዘጋበት በኩል፣ ከሳንቃው ጫፍ ሥር አስገቡት። ነፋሱ በገፋው ቁጥር ይጠብቃል። በአፈር ወለል ላይ ግን ይንሸራተታል።

4ኛ. ጆንያና ሣጥን በበር ላይ አታስቀምጡ። እሳት ቢነሣ ሰው የሚያመልጠው በዚያው ነው።

5ኛ. በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት ከኋላው ልጅ አለመኖሩን እዩ።

አንድ ነገር እንጨምር። በአዲስ አበባና በሌሎች ትልልቅ ከተሞች ባሉ ሆቴሎችና ሆስፒታሎች እሳትና ጭስ የሚያግዱ በሮች አሉ። እነዚህ በሮች በራሳቸው ይዘጋሉ። እነሱን በምንም ነገር ከፍታችሁ አታቁሙ። ክፍት ከቀሩ፣ እሳት ሲነሣ ጭሱ ደረጃውን ይሞላዋል፤ ሰው መውጫ ያጣል። ብዙ ጊዜ በበሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ስትደርሱ አንብቡት፤ አሁን ማንበብ ትችላላችሁና።

አዲስ ቃላት
ማጠፊያ - በርን ከመቃኑ ጋር የሚያያይዝ ብረት
ሽብልቅ - አንድ ጫፉ ወፍራም፣ ሌላው ጫፉ ስስ የሆነ እንጨት
ሳንቃ - የሚከፈተውና የሚዘጋው የበሩ አካል

ጥያቄ
1. በማጠፊያው በኩል እንጨት መሸጎጥ ለምን ይጎዳል?
2. የአካባቢያችሁ ወፍጮ ቤት በር በምን ተይዟል? ሄዳችሁ እዩና በደብተራችሁ ጻፉ።

በሚቀጥለው ሳምንት በደኅና ያገናኘን።