አገርን በመስኮት ማየት ይብቃን

በጂንካ ከተማ ሦስትና አራት ዓመት ተቀምጦ፣ ዲግሪውን ተቀብሎ ወደ መጣበት የሚመለስ ተማሪ ብዙ ነው። ቤተ ዘመዶቹ «ደቡብ ኦሞን እንዴት አገኘኸው?» ብለው ሲጠይቁት ምን ይመልሳል? የቅዳሜውን ገበያ፣ መናኸሪያውን፣ የምግብ አዳራሹን ሰልፍ ይነግራቸዋል። ከዚያ ያለፈውን የሚያወራላቸው፣ እነሱም እንዳዩት ሁሉ፣ ከፎቶግራፍ ላይ ያየውን ነው። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁና።

ባለፈው ዓመት በአንድ ሐሙስ ቀን ዐሥራ ሁለት ሆነን ሚኒባስ ተከራይተን ወደ ቀይ አፈር ገበያ ሄድን። ወደ ገበያው ስንቃረብ አንዱ ጓደኛችን መስኮቱን ከፍቶ፣ ቅል ተሸክማ የምታልፍ አንዲት የበና ሴት ፎቶግራፍ አነሣ። ሰላምታ እንኳ አልሰጠናትም። ሴትዮዋ ዞር ብላ እጇን ዘረጋች። የዘረጋችው ለልመና አልነበረም፤ ዋጋዋን ስትጠይቅ ነበር። ጓደኛችን ሳቀ፤ ሾፌሩም ነዳ። በመኪናው ውስጥ «እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ለምደዋል» የሚል ወሬ ተነሣ፤ እኔም ዝም ብዬ ሰማሁ።

ማታ ግን ነገሩ አላስተኛኝም። ገንዘቡን ያስለመዳት ማን ነው? ሳይጠይቃት መልኳን የሚወስድ እንግዳ አይደለምን? የባሕር ማዶው ቱሪስት ቢያንስ ይከፍላል። እኛ ግን «የአገር ልጆች ነን» እያልን በነፃ ወሰድን።

ከሁለት ወር በኋላ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሁለት አሮጌ ቢስክሌቶች በኪራይ ይዘን፣ ረቡዕ ጧት ጎሕ ሲቀድ ከጂንካ ተነሣን። ጀግንነት አልነበረበትም፤ ዳገቱን አብዛኛውን በእግራችን እየገፋን ነው የወጣነው። የእኔ ቢስክሌት ሰንሰለቱ ሁለት ጊዜ ወለቀ። በሁለተኛው ጊዜ ፍየል የሚጠብቁ ሦስት ልጆች ከበቡን፤ ከልባቸው ከሣቁብን በኋላ አንደኛው ጎንበስ ብሎ አገዘኝ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወረደብን። ከየት መጣችሁ? የማን ልጅ ነህ? አባትህ ስንት ከብት አለው? «ሁለት በሬና አንዲት ላም» ብላቸው እጅግ አዘኑልኝ። ውሃችን ስላለቀ ከአንድ ጎጆ ደጃፍ ቆመን ለመንን፤ አሸር ቡና በቅል ቀርቦልን ጠጣን።

ልብ በሉ፤ መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ ሕዝቡም ያው ሕዝብ ነው። የተለወጥነው እኛ ነን። በመኪና የሄድን ጊዜ ተመልካቾች ነበርን። በቢስክሌት የሄድን ጊዜ ግን እነሱ ተመልካች፣ እኛ ታይተን የምንመረመር ሆንን። ውሃ የሚለምን ሰው ደግሞ በሚያጠጣው ሰው ላይ ሊኮራ አይችልም።

ይህ ዓይነቱ ጉዞ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ቢስክሌት ነጂዎች የጉዞ ማኅበር ያቋቋሙት በ1878 እ.ኤ.አ. ነው። ማኅበሩ በየገጠሩ ካሉት ማረፊያ ቤቶች ጋር በዋጋ እየተስማማ፣ ክንፍ ያለው መንኰራኵር የተቀረጸበት ምልክት በየደጃፋቸው ያሰቅል ነበር። ያን ምልክት ያየ መንገደኛ በተስማማበት ዋጋ እንደሚያድር ያውቃል። በ1894 እ.ኤ.አ. በበርሚንግሃም ከተማ ክላሪዮን የተባለው የሶሻሊስቶች የቢስክሌት ክበብ ተመሠረተ። በ1930 እ.ኤ.አ. ደግሞ የወጣቶች ማደሪያ ማኅበር ተቋቁሞ፣ ኪሱ የሳሳ ወጣት በርካሽ የሚያድርበት ቤት አገኘ። ዛሬም ኮትስዎልድስ በሚባለው አገር፣ በበግ ሱፍ ንግድ ዘመን ያማሩትን የድንጋይ መንደሮችና አብያተ ክርስቲያናት፣ መሪ ሳይቀጥር፣ ካርታ ብቻ ይዞ በቢስክሌት እየዞረ የሚያይ ሰው ብዙ ነው።

እንግሊዝን እንምሰል ማለቴ አይደለም። የምቀናው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም የከተማው ሠራተኛ አገሩን ለማወቅ የባለጸጋ መኪና አለመጠበቁ ነው።

«እነሱ ካርታና የመንገድ ምልክት አላቸው፤ የእኛ መሪ ማን ይሆናል?» የሚል ይኖራል። የእኛ መሪ የገበያ ቀን ነው! ቀይ አፈር ሐሙስ ይገበያል፤ ዲመካ ቅዳሜ፤ ቱርሚ ሰኞ። ከጂንካ እስከ ቀይ አፈር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዲመካ እስከ ቱርሚ ያለው መንገድ ከዚያ ያንሳል። ረቡዕ ተነሥቶ ሐሙስን በገበያ የዋለ፣ ዓርብ ነድቶ ቅዳሜን በገበያ የዋለ፣ እሑድ ነድቶ ሰኞ ቱርሚ ይገኛል። ኣሪው፣ በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩ ማር፣ ቅቤ፣ ማሽላና ፍየል ይዞ በሚመጣበት ቀን መድረስ ማለት፣ ሰው በሥራው ላይ ሳለ ማግኘት ማለት ነው እንጂ ለእንግዳ ብሎ ተኳኵሎ ሲጠብቅ ማየት አይደለም።

ከመነሣታችን በፊት ደግሞ ከጂንካ በላይ ባለው ኮረብታ የሚገኘውን የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም እንጎብኝ። ኢቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል የተባሉት ተመራማሪዎች ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሐመሮች ጋር ኖረው፣ ቋንቋቸውን ተምረው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ሦስት መጻሕፍት አሳተሙ። እነሱ ባሕር ተሻግረው መጥተው ይህን ሲሠሩ፣ እኛ በቢስክሌት ጉዞ ርቀት ላይ ተቀምጠን የጎረቤታችንን ሰላምታ አለማወቃችን አያሳፍርምን? ነገ ከመካከላችን አንዱ በዲመካ መምህር፣ ሌላው በቱርሚ የጤና ባለሙያ ሆኖ ሊመደብ ይችላል። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ይልክ ነበር። እኛ የምንጠየቀው አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ እውነት ነው። ስለዚህ ጧት ተነድቶ ቀትር ላይ ከጥላ መዋል ያስፈልጋል። በቆላው ደረቅ የሚመስል ወንዝ፣ በደጋው በዘነበ ዝናብ ድንገት ይሞላልና በዝናብ ወራት አንሂድ። ማጎ ፓርክም ፈቃድና ጠባቂ የሚጠይቅ፣ አውሬ ያለበት ስፍራ ስለሆነ የቢስክሌት መንገድ አይደለም። ስለ መንገዱ ሰላም ደግሞ በየዕለቱ ከአገሬው ሽማግሌና ከቀበሌው መጠየቅ ግዴታ ነው። እኅቶቻችንም በቡድን መሄድ አለባቸው እንጂ መቅረት የለባቸውም፤ ከጎጆው ውስጥ ከእናቶች ጋር ተቀምጦ መጫወት ከእኛ ይልቅ ለእነሱ ይቀላቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ «የአስጎብኚ ወጣቶችን እንጀራ ትቀማላችሁ» የሚለው ነው። ይህን አቃልዬ አላልፈውም። በገበያ ለመዋልና በመንገድ ለመሄድ መሪ አያሻም። ወደ ሰው መንደርና ወደ በዓል ለመግባት ግን የአገሬውን ልጅ እንቅጠር፤ ዋጋውንም ሳንከራከር እንክፈል። ቢስክሌት በራሱ ሰውን ትሑት አያደርግም። በቢስክሌት ሄዶም ጎረቤቱን የሚንቅ ይኖራል። ዳሩ ግን መናቁ ዳገቱን ከወጣ በኋላ ትንሽ ይከብደዋል።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ፤

1ኛ/ ከአባልነት መዋጮ ስድስት ያገለገሉ ቢስክሌቶች ተገዝተው ተማሪው በተራ ይጠቀምባቸው።

2ኛ/ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ ከአንዳንድ አልቤርጎ ጋር በተማሪ ዋጋ ስምምነት ይደረግ፤ ስምምነቱም ተጽፎ በደጃፉ ይለጠፍ።

3ኛ/ በመጀመሪያው ጉዞ ማንም ፎቶግራፍ እንዳያነሣ ይወሰን። የሄደው ሁሉ ሲመለስ የሦስት ሰዎች ስምና ያጫወቱትን ነገር ይንገረን።

ያቺን የቀይ አፈር ሴት እስከ ዛሬ ሁለተኛ አላገኘኋትም። ስሟንም አላውቀውም። ጓደኛዬ ግን ፎቶግራፏ አሁንም አለው። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሐሳቤን የሚቃወም ካለ በዚሁ ጋዜጣ ይጻፍ፣ በደስታ አነባለሁ።

አንድ የ3ኛ ዓመት ተማሪ